ሬይዝድ ፍሎርን ከመክሰሳችን በፊት ፓኔሉን እናንሳው

ሰሞኑን በአርክቴክቶች፣ በኮንትራክተሮችና በሕንጻ ባለቤቶች ዘንድ እጅ በእጅ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ ሬይዝድ ፍሎር ነው፤ ከሶሌታው (ከፎቁ የአርማታ ወለል) በላይ በብረት እግሮች ላይ የሚያርፈው፣ 60 በ60 ሳ.ሜ. በሆኑ ፓኔሎች የሚሸፈነው፣ ሥሩ ለኬብል ክፍት የሚተወው ተነቃይ ወለል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህን ነው፦ ታላላቆቹ ዳታ ሴንተሮች የተዉትን ወለል እኛ ገና አሁን እየገዛን ነው፤ ሊሾ (ሶሌታው ላይ የሚፈሰው የሲሚንቶ ልባስ) ውስጥ በተቀበረ ኮንዲዩት (የኬብል ማሳለፊያ ቱቦ) በርካሽ የሚሠራውን በውጭ ምንዛሪ እናስመጣለን፤ ሲረገጥ እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ይወዛወዛል፤ ተሸካሚነቱ የወረቀት ነው፤ ሥሩ የአቧራ፣ የአይጥና የእሳት መደበቂያ ነው፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ይደረመሳል፤ የክፍሉን ከፍታ በልቶ ደረጃና በር ያበላሻል። ስለዚህ ከጨረታ ሰነድ ላይ ይሰረዝ ይላሉ።

ከሰባቱ ነጥቦች በአንዱ ሙሉ በሙሉ፣ በሁለቱ በከፊል እስማማለሁ። የቀሩት ግን በገጣሚው፣ በገዢው ወይም በዲዛይነሩ ጥፋት ወለሉን የሚከሱ ናቸው። ሬይዝድ ፍሎር እንደ ሴራሚክ ወይም እንደ ቀለም መጨረሻ ላይ ተመርጦ የሚለጠፍ የማጠናቀቂያ ዕቃ አይደለም። የፎቁን ቁመት፣ ደረጃውን፣ የሶሌታውን ጭነት፣ ኤሌክትሪኩንና እሳት መከላከያውን ሁሉ የሚነካ ሥራ ስለሆነ የሚወሰነው ሴክሽኑ (የሕንጻው የቁም ቁርጥ ሥዕል) ሲሳል ነው። ጸሐፊው የዘረዘሯቸው አብዛኞቹ ብልሽቶች የሚመጡት ይህ ሲረሳ ነው።

ዳታ ሴንተሮቹ ትተውታል የሚለው

ብዙዎቹ ትተውታል፤ የሚካድ አይደለም። ወለሉ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከሜይንፍሬም ኮምፒውተሮች ጋር ነው፤ ለወፋፍራም የኬብል እስሮችና ለቀዝቃዛ ውኃ ቱቦ ማለፊያ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ሁኔታው ሌላ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ኦሬገን ግዛት፣ ፕራይንቪል ላይ ሥራ ያስጀመረው ዳታ ሴንተር ሬይዝድ ፍሎር የለውም፤ ቀዝቃዛው አየር ከላይ ወደ ራኮቹ (ሰርቨር ወደሚደረደርባቸው ረጃጅም መደርደሪያዎች) ይወርዳል። ራኩ እየከበደ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ኬብሉንም፣ የኃይል መስመሩንም፣ አየሩንም ከላይ ማምጣት ቀለለ። ይህ የሚሆነው ግን አዳራሹ ለዚሁ ሥራ ተብሎ ጣሪያው ከፍ ተደርጎ ሲሠራ ነው።

ታዲያ ይህ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስላለ የባንክ ሰርቨር ክፍል ምን ይነግረናል? ከቢም ሥር ያለው ቁመት 2.70 ሜትር ነው እንበል። ባለ 42 ዩ (42 የዕቃ እርከን ያለው) ራክ 2 ሜትር ያህል ይቆማል። በቀሪዋ 70 ሳ.ሜ. ውስጥ የዳታ ኬብል መሰላል፣ ከሱ ራቅ ብሎ የኃይል ኬብል መሰላል፣ መብራት፣ ጭስ ጠቋሚና የጋዝ ማጥፊያ ቱቦ ይገባሉ። ለሁለትና ለሦስት ራክ ይበቃል፤ እንዲያውም ለዚያ መጠን ሬይዝድ ፍሎር ባይኖር ይሻላል፣ ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ባለ አሥራ ሁለት ራክ ክፍል ላይ ግን ከላይ መጨናነቅ ይጀምራል።

ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያለፉት የከፋ ስህተት ደግሞ አለ። ብዙ ሰርቨር ክፍል ውስጥ የ15 ሳ.ሜ. ክፍተት ተሠርቶ ለኬብሉም ለቀዝቃዛ አየሩም ያገለግላል ይባላል። አያገለግልም። አየር በወለል ሥር እንዲሄድ ከተፈለገ ክፍተቱ ከ45 እስከ 60 ሳ.ሜ. ሆኖ ኬብሉ አየሩን እንዳይገድበው በአንድ ወገን መታሰር አለበት። ከፓኔሉ ተቆርጠው የሚቀሩ ቀዳዳዎችም አየሩን ይበሉታል። 25 በመቶው የተበሳ የአየር ፓኔል 900 ካሬ ሳ.ሜ. ክፍት ቦታ አለው። ከራክ ጀርባ ለኬብል ተብሎ የተቆረጠና ያልተደፈነ 30 በ20 የሆነ ቀዳዳ 600 ካሬ ሳ.ሜ. ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት ቀዳዳዎች የሁለት አየር ፓኔል ያህል ቀዝቃዛ አየር ወደ ማያስፈልገው ወገን ይለቃሉ። መድኃኒቱ ባለ ብሩሽ የቀዳዳ መክደኛ ነው፤ ዋጋው ከማቀዝቀዣው አንጻር ኢምንት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጣጣው ይብሳል፦ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት በሲሶ የሚበልጥ አየር መንፋት ያስፈልጋል። የባሕር ጠረፍ ካታሎግ ይዞ የገዛ ሰው ክፍሉ አልቀዘቀዘ ሲለው ወለሉን ይራገማል።

ከሁሉ በላይ፣ ቢሮ ዳታ ሴንተር አይደለም። ቢሮ ውስጥ ይህ ወለል የሚገጠመው ለአየር ሳይሆን ጠረጴዛ ስለሚነሳና ስለሚዛወር ነው። ፕራይንቪል የተወው ነገር ቦሌ መንገድ ላይ ላለ ባለ ስምንት ፎቅ የቢሮ ሕንጻ ምንም አያረጋግጥም።

ሊሾ ውስጥ ኮንዲዩት ይበቃል የሚለው

ይህ የጽሑፉ ዋና ክርክር ስለሆነ በቁጥር እንየው። 60 ሠራተኛ የሚቀመጥበት ክፍት ቢሮ፣ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሁለት የዳታ መስመር፤ 120 ኬብል። አንድ ካት ሲክስ ኬብል 6 ሚሜ ያህል ይወፍራል። ኮንዲዩት አፉ ድረስ አይሞላም፤ ኬብሉ ሳይቧጠጥ እንዲጎተት ከውስጡ 40 በመቶው ያህል ብቻ ይያዛል። በዚህ ስሌት የ25 ሚሜ ኮንዲዩት አራት ኬብል ይይዛል፤ ለ120 ኬብል 30 ኮንዲዩት ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ መጨረሻቸው አንድ ቦታ ነው፣ የኔትወርክ ክፍሉ በር። ያለ ክፍተት ጎን ለጎን ቢደረደሩ እንኳ 75 ሳ.ሜ. ስፋት ይይዛሉ። ሊሾው 5 ሳ.ሜ. ከሆነ በላያቸው የሚቀረው 2.5 ሳ.ሜ. ነው፤ ያውም አንዱ በሌላው ላይ ካልተሻገረ። ሴራሚኩ በኮንዲዩቱ መስመር ላይ በማስመሪያ እንደተሰመረ ሆኖ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። የኃይል ኬብሉን ገና አልቆጠርንም፤ እሱ ደግሞ ከዳታው ተለይቶ በራሱ መንገድ መሄድ አለበት።

ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ቀን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተከራዩ ይለወጣል፣ ወይም የብድር ክፍሉ ሰፍቶ የሒሳብ ክፍሉን ይገፋል። የሊሾ ወለል ባለቤት ሁለት ምርጫ አለው፦ በጃክ ሃመር መቆፈር ወይም ኬብሉን በወለሉ ላይ ዘርግቶ በፕላስቲክ ሽፋን መሸፈን። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ከተማው ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ የተሰፋው ነጭ ትራንኪንግና በመተላለፊያ መሐል የሚያደናቅፈው ጉብታ ምስክር ነው። በሬይዝድ ፍሎር ላይ ግን ሶኬቱ ያለበት ፓኔል ይነሳል፣ ጠረጴዛው በሄደበት ካለው ደንዳና ፓኔል ጋር ቦታ ይለዋወጣል፣ ኬብሉ በክፍተቱ ውስጥ ይጎተታል። ኬብሉ መጀመሪያ ሲዘረጋ ሦስት አራት ሜትር ትርፍ ተጠቅልሎ ከተተወለት ሁለት ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል።

በዋጋ ላይ ጸሐፊው ያነጻጸሩት ሊሾን ከሙሉው ሬይዝድ ፍሎር ጋር ነው። ትክክለኛው ንጽጽር ግን ሊሾ፣ ሴራሚክ፣ ኮንዲዩት፣ የወለል ሳጥንና የኋላ ቁፋሮ በአንድ ወገን፣ ወለሉ ከነላይ ልባሱ በሌላ ወገን ሆኖ ነው። ሶሌታው በሥርዓት ከተለሰነ በሬይዝድ ፍሎር ሥር ሊሾ አያስፈልግም። ክብደቱም ይታሰብ፦ 5 ሳ.ሜ. ሊሾ በካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሴራሚኩ ሳይጨመር፤ በሲሚንቶ የተሞላ የብረት ፓኔል ከነእግሩ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ነው።

የውጭ ምንዛሪው ነገር እውነት ነው። ፓኔሉም እግሩም ከውጭ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ለሁሉም ቦታ ይግባ አልልም፤ ስድስት መስኮት ያለው የባንክ ቅርንጫፍ፣ ሱቅ፣ ክሊኒክ አያስፈልገውም። ጠረጴዛው ለዓመታት ከቦታው የማይነቃነቅ ቢሮ ከሆነ ባለ ሦስት ክፍል የወለል ትራንኪንግ በሊሾ ውስጥ በሚገባ ይሠራል።

እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ይወዛወዛል

ይጮኻል፤ ከተገጠመበት መንገድ የተነሳ። ውስጡ ባዶ የሆነው የብረት ፓኔል ይጮኻል፣ በሲሚንቶ የተሞላው ወይም የካልሲየም ሰልፌቱ (የጄሶ ዓይነቱ) ግን ራሱ ክብደት ስላለው ድምፁን ያፍናል። ከእግሩ ራስ ላይ የሚቀመጠው የፕላስቲክ ትራስ ከጎደለ ብረት ከብረት ጋር ይጋጫል። ይህ ትራስ በሳንቲም የሚገዛ ነገር ነው፤ በጥድፊያ ሲገጠም የመጀመሪያው የሚረሳውም እሱ ነው።

መወዛወዙን ቀረብ ብለን እንየው። ፓኔሉ በአራት ማዕዘኖቹ በአራት እግሮች ራስ ላይ ያርፋል። ከአራቱ አንዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ሰው በዚያ ማዕዘን በረገጠ ቁጥር ፓኔሉ ይቀመጣል፣ እግሩን ሲያነሳ ይመለሳል። ለማስተካከል የተወዛወዘው ፓኔልና ከጎኑ ያለው በመምጠጫ ማንሻ ይነሳሉ፤ ሌዘሩ ይተከላል፤ ዝቅ ያለው እግር ዳዶ ይላላና ራሱ ከሌሎቹ ጋር እስኪስተካከል ይሽከረከራል፤ ከዚያ ዳዶው ወደ መቆለፊያው ጥርስ ተመልሶ ይገባል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ይህችን የመጨረሻዋን ነው። ዳዶው ካልተቆለፈ ከእግር ኮቴ ንዝረት ብቻ በወራት ውስጥ ራሱን ፈትቶ ይወርዳል፤ ወለሉ ‹‹እንደገና ተበላሸ›› ይባላል። በእግሩና በፓኔሉ መካከል ካርቶን አጥፎ መሸጎጥ ደግሞ ጥገና አይደለም፤ ካርቶኑ ይታመቃል፣ አጠገቡ ያለው ፓኔልም መወዛወዝ ይጀምራል።

የተስተካከለ ወለል በ3 ሜትር ርዝመት ከ1.5 ሚሜ በላይ መለያየት የለበትም። ችግር የሚጀምረው ከዳር ነው። ከግድግዳና ከኮለን ጋር ለመግጠም የተቆረጠ ፓኔል የተቆረጠው ጠርዙ እግር የለውም፤ ተጨማሪ እግር ይፈልጋል። ቁራጩ 10 ሳ.ሜ. ብቻ እንዳይሆን ደግሞ መነሻው መስመር ከክፍሉ መሐል ተለክቶ መጀመር አለበት፤ ከአንድ ግድግዳ ተነስቶ እስከ ማዶ ፓኔል መደርደር ሌላኛውን ዳር በቀጫጭን ቁራጮች ይሞላዋል።

ጸሐፊው ድምፅን ካነሱ አይቀር የረሱት አለ። በሁለት የስብሰባ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍልፋይ ፓኔሉ ላይ ሲያበቃ ንግግሩ በክፍተቱ ሥር ዞሮ ማዶ ይሰማል። ክፍልፋዩ ባለበት መስመር በወለሉ ሥር ጥቅጥቅ ያለ የሮክ ዎል (የድንጋይ ሱፍ) ግርዶሽ ካልቆመ ወፍራም መስታወት መግዛት ብቻውን ዋጋ የለውም።

450 ኪሎ ይሸከማል ተብሎ ጎደጎደ

ጽሑፉ ከራክ ጎማ ሥር ጎድጉዶ የቀረ ፓኔል ፎቶ አያይዟል። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ መደምደሚያው ነው የተሳሳተው። 450 ኪሎ የሚለው ቁጥር ጎን ለጎኑ 25 ሚሜ በሆነች ትንሽ ብረት ላይ ቆሞ የሚጫን ጭነት ነው። የሚንከባለል ጭነት ሌላ ቁጥር አለው፤ ጎማ አሥር ጊዜ፣ ከዚያም አሥር ሺህ ጊዜ እየተመላለሰ ይለካል፣ ብዙውን ጊዜም ከቆመው ያንሳል። አንድ 1,200 ኪሎ የሚመዝን ሙሉ ራክ በአራት ጎማው ላይ ሲቆም እያንዳንዱ 300 ኪሎ ይይዛል፤ ፓኔሉ ይችለዋል። ሲገፋ ግን አንድ ጎማ በፓኔሎች መጋጠሚያ ላይ ሲነሳ ክብደቱ በሁለቱ ሰያፍ ማዕዘኖች ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ 600 ኪሎ በአንድ ጎማ። ያውም ፓኔሉ ከሁሉ ደካማ በሆነበት በጠርዙ መሐል። የፎቶው ጉድጓድ የመጣው እንዲህ ነው። ራክ ሰርቨሮቹ ወጥተውለት ባዶውን ነው የሚገፋው፤ ባዶ ማድረግ ካልተቻለ የሚያልፍበት መንገድ 18 ሚሜ በሆነ ድርብ ፕላይውድ ይነጠፋል።

ሁለተኛው ወጥመድ በሻጭ ወረቀት ላይ ነው። የአውሮፓው የሬይዝድ ፍሎር ደረጃ፣ ኢኤን 12825፣ ፓኔሎችን በሚሰበሩበት ጭነት ከ1 እስከ 6 ክፍል ይመድባቸዋል፦ ክፍል 1 ከ4 ኪሎ ኒውተን፣ ክፍል 2 ከ6፣ ክፍል 5 ከ10፣ ክፍል 6 ከ12 ጀምሮ። የሚፈቀደው የሥራ ጭነት ይህ ለደኅንነት ቁጥር፣ ብዙውን ጊዜ ለ2፣ ተካፍሎ ነው። ‹‹10 ኪሎ ኒውተን›› ተብሎ የተሸጠ ፓኔል በሥራ ላይ የሚያዘው 5 ነው፤ 500 ኪሎ ገደማ። አንዱ ሻጭ የመሰበሪያውን፣ ሌላው የሥራውን ቁጥር ጽፈው ሲወዳደሩ የመጀመሪያው በወረቀት ላይ እጥፍ ጠንካራና በዋጋ ርካሽ ሆኖ ይታያል። ጨረታ ኮሚቴው አይፈረድበትም፣ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ማንም አላስጻፈም።

አሁን ወደ ባትሪው። ጸሐፊው የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ባትሪ ካቢኔት ወለሉን አጎበጠው ይላሉ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 30 ኪሎ ያህል ነው፤ 40 ሲሆን 1,200 ኪሎ፣ ካቢኔቱ ሲጨመር 1,350 ይደርሳል። 80 በ90 ሳ.ሜ. በሆነ ቦታ ላይ ሲያርፍ በካሬ ሜትር ወደ 1,900 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ማንኛውም የቢሮ ወለል ፓኔል መሸከም የለበትም። ግን ከፓኔሉ በፊት ሌላ የሚጠየቅ አለ፤ ለቢሮ የሚታሰበው የሶሌታ ጭነት በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ኪሎ ገደማ ነው። ወለሉ ሊሾ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልጎበጠ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሶሌታ ግን ዝም ብሎ ከታሰበለት በላይ ይሸከም ነበር። እንዲያውም የፓኔሉ መጉበጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ለባትሪ፣ ለካዝና፣ ለከባድ ማቀዝቀዣ የሚሠራው ከሶሌታው በቀጥታ የሚነሳ የአንግል ብረት መቆሚያ ነው፤ ፓኔሎቹ ዙሪያውን ተቆርጠው ይገጥሙታል። ቦታው በቢም አጠገብ እንዲሆን የስትራክቸር መሐንዲሱ ይወስናል።

ሥሩ የአቧራ፣ የአይጥና የእሳት ጎሬ ነው

ከሁሉ የበረታው ነጥባቸው ይህ ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ዓይን የማያየው ቦታ ይቆሽሻል። የአንዳንዱ ሕንጻ ፓኔል ሲነሳ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የኬብል ቁርጥራጭና የውኃ ፕላስቲክ ይገኝበታል። ያ ግን ወለሉ ያመጣው ሳይሆን ሳይጠረግ የተዘጋ ነው። ሶሌታው እግሮቹ ከመተከላቸው በፊት ተጠርጎ በአቧራ ማሰሪያ ቀለም መቀባት አለበት። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ የእግሩ ማጣበቂያ በአቧራ ላይ ከተቀባ የሚይዘው አቧራውን እንጂ አርማታውን አይደለም። አይጥ የሚገባው ቱቦና ኬብል ግድግዳ በሚበሳበት ቀዳዳ ነው፤ በእሳት መከላከያ ማሸጊያ ሲደፈን ሁለቱንም ይከለክላል።

በእሳት በኩል ከፓኔል ምርጫ ይጀመራል፦ የቺፕውድ (የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ) ልብ ያለው ይቃጠላል፣ የሲሚንቶና የካልሲየም ሰልፌቱ አይቃጠልም። ከዚያ ይልቅ የሚያሰጋው ግን እሳት እንዲያግድ የተሠራው ግድግዳ ፓኔሉ ላይ ሲያበቃ ነው። ያ ግድግዳ እስከ ሶሌታው መውረድ አለበት፤ አለበለዚያ ጭሱ በሥሩ ያልፋል። ጋዝ ማጥፊያ ያለበት ክፍል ከሆነ ጭስ ጠቋሚውም የጋዙ አፍንጫም በክፍተቱ ውስጥ ይኑር።

ውኃን በተመለከተ ከቱቦ ይልቅ የሚያሰጋው ጽዳቱ ነው። ሊሾና ሴራሚክ የለመደ የጽዳት ሠራተኛ ውኃ ደፍቶ በመጥረጊያ ይገፋል። ሬይዝድ ፍሎር ላይ ይህ ክልክል ነው። ውኃው በመጋጠሚያው ይወርዳል፣ የቺፕውዱ ጠርዝ ያብጣል፣ ያበጠ ፓኔል ከቦታው አይወጣም፣ ቢወጣም አይመለስም። ተጨምቆ በወጣ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወልወል፤ ይህ ለጽዳት ድርጅቱ በውል ይጻፍ።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ለሰርቨር ክፍል ግን ከአይጥ የሚብስ አንድ ነገር ልጨምር። በኤሌክትሪክ መንገድ ዚንክ የተቀባ የፓኔል ሆድ ወይም እግሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው አግዳሚ ብረት በዓመታት ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የዚንክ ክሮች ያበቅላል። ፓኔሉ ሲንቀሳቀስ ክሮቹ ይረግፋሉ፣ በቀዝቃዛው አየር ተወስደው ሰርቨር ውስጥ ይገባሉ፣ መስመር ያገናኛሉ። ስለዚህ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ወይም ቀለም የተቀባ ብረት ይጠየቅ።

መሬት ሲንቀጠቀጥ

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ አስለቅቋልና ሥጋቱ ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ የሕንጻ ደረጃ የሆነው ኢኤስ ኢኤን 1998ም መዋቅራዊ ያልሆኑ የሕንጻ ክፍሎች እንዲሰሉ ይጠይቃል። በማጣበቂያ ብቻ የተተከለ፣ 50 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው፣ አግዳሚ የሌለው ወለል ጎን ለጎን ሲገፋ ሊያጋድል ይችላል። መልሱ የታወቀ ነው፦ የእግሩ መሠረት በትራፓኖ ተበስቶ በፊሸር ብሎን ይታሰራል፣ አግዳሚዎቹ በብሎን ይጠብቃሉ፣ ከፍ ያለው ላይ ሰያፍ ማጠናከሪያ ይጨመራል። ራኩም ፓኔሉን አልፎ ከሶሌታው ጋር ይታሰራል። 15 ሳ.ሜ. የሆነና በአራት ግድግዳ የታጠረ የቢሮ ወለል የሚያሰጋውን ያህል ኮርኒሱና መደርደሪያው ቀድመው ያሰጋሉ።

ከፍታና ደረጃ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ፍጹም ልክ ናቸው፤ የሚጨመር እንጂ የሚቀነስ የለኝም። ከፎቅ ፎቅ 3.20 ሜትር የሆነ ሕንጻ 50 ሳ.ሜ. ቢም፣ 30 ሳ.ሜ. ኮርኒስና ቱቦ፣ 15 ሳ.ሜ. ወለል ሲቀነስለት 2.25 ይቀረዋል። ይህ ቢሮ አይባልም። ሕንጻው ካለቀ በኋላ የገባ ወለል ሌላም ጣጣ አለው። ሊፍት በር ላይ 5 ሳ.ሜ. ሊሾ ታስቦ ከነበረ 15 ሳ.ሜ. ወለል 10 ሳ.ሜ. ጉብታ ይፈጥራል፤ ለዊልቸር በ1 ለ12 ተዳፋት 1.20 ሜትር መወጣጫ ይጠይቃል። የመስኮት ደፍ ከ90 ወደ 80 ይወርዳል፣ ከልጅ ደረት በታች ማለት ነው። የደረጃው የመጨረሻ ርከን ከሌሎቹ ይለያል፤ ሰው የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። እንዲህ ላለ ሕንጻ ከ4 እስከ 7 ሳ.ሜ. የሚሆኑ ዝቅተኛ ዓይነቶች አሉ፣ እነሱም ካልሆኑ ይቅር። ገና በሚሠራ ሕንጻ ግን የቢሮው ሶሌታ ከሊፍት አዳራሹ 10 ሳ.ሜ. ዝቅ ተደርጎ ይሞላል፤ ጉብታም መወጣጫም አይኖርም።

ይሰረዝ የተባለው መስመር

ጽሑፉ የሚያበቃው ከጨረታ ሰነዱ ላይ ‹‹ሬይዝድ ፍሎር ማቅረብና መግጠም፣ በካሬ ሜትር›› የሚለው መስመር ይሰረዝ ብሎ ነው። እኔም ያ መስመር እንዳለ እንዲቀመጥ አልፈልግም፤ ከላይ የዘረዘርናቸው ብልሽቶች ሁሉ የሚገቡት በሱ በኩል ነው። ለ12 በ9 ሜትር ክፍል እንዲህ ይተካ፦ 300 ፓኔል፣ የልቡ ዓይነት ተጠቅሶ፣ የጭነት ክፍሉ በኢኤን 12825 ከነደኅንነት ቁጥሩ፤ 336 እግር፣ የተጠናቀቀ ከፍታው በሳ.ሜ.፣ በብሎን የሚታሰር፤ ለዳርና ለኮለን ተጨማሪ እግር ለብቻው ተቆጥሮ፤ 635 አግዳሚ፤ ለእያንዳንዱ እግር የራስ ትራስ፤ የብረቱ አካል በመዳብ ሽቦ ከሕንጻው የመሬት ሽቦ ጋር መገናኘቱ፤ የሶሌታ ቀለም፤ 9 ትርፍ ፓኔል ከአንድ ምርት፣ ምክንያቱም ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ቀለምና ውፍረት ማስመጣት ዕድል ነው፤ እና ሁለት ማንሻ።

ርክክቡ ቀን መሐንዲሱ በራሱ ምርጫ፣ ገጣሚው በማይመራው ቦታ፣ አሥር ፓኔል ያስነሳ። አንዱ ከኮለን ጥግ፣ አንዱ ከበር አጠገብ፣ አንዱ ከክፍልፋይ ሥር ይሁን። ዳዶው መቆለፉን በእጅ ያሽከርክረው፤ ከዞረ አልተቆለፈም።